የመውለጃ ቀን አቆጣጠርና በእርግዝና ወቅት የጤና መድን ሽፋን፦ ለመርሳና ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት የምትወልድበትን ቀን በግምት ማወቋ ብዙ ነገር ይወስናል። የክትትል ቀጠሮዋ፣ ወደ ጤና ተቋም የምትነሣበት ጊዜ፣ ተቀጣሪ ከሆነች የወሊድ ፈቃዷ፣ የቤተሰቡ የጤና መድን እድሳትም ከዚሁ ቀን ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የመውለጃ ቀን በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር እንዴት እንደሚሰላ፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚሰጡት አገልግሎቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ማአጤመ) ደግሞ በእርግዝና ወቅት ምን እንደሚሸፍን ያብራራል። ምሳሌዎቹ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን መርሳንና አካባቢዋን መሠረት ያደረጉ ቢሆኑም፣ የቀን ስሌቱ በማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ያገለግላል።

1. ቆጠራው ከየት ይጀምራል?

የጤና ባለሙያዎች የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። ደሙ ከቆመበት ወይም የወር አበባው ከቀረበት ወር ተነሥቶ መቁጠር ትክክል አይደለም። ከዚያ ቀን አንሥቶ 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ሲቆጠር ግምታዊው የመውለጃ ቀን ይገኛል።

ጽንሱ የሚፈጠረው ግን የወር አበባ ከታየ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጽንሰት እስከ ልደት ያለው ጊዜ በአማካይ 266 ቀን ይሆናል። በአገራችን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚለው የቆየ አነጋገር ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት ያለውን ጊዜ የሚያመለክት በመሆኑ መነሻው ጽንሰት ነው። የጤና ተቋማት መነሻ ደግሞ የወር አበባ ነው። ሁለቱን መነሻዎች ማደባለቅ የሁለት ሳምንት ያህል ስሕተት ሊያስከትል ይችላል።

2. በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የሚሠራው ስሌት

ከጳጉሜን በቀር እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ዘጠኝ ወር 270 ቀን ነው፤ 280 ለመሙላት 10 ቀን ይቀራል። በመካከል ጳጉሜን ካለፈች አምስቱ ቀናት ከዚህ ከ10 ቀን ላይ ይቀነሳሉ። ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ስድስት ቀን ይቀነሳል።

ሀ. የመጨረሻው የወር አበባ ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 20 ባለው ጊዜ የጀመረ ከሆነ፦ 9 ወር ከ10 ቀን ይጨመራል።
ምሳሌ፦ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሆነ፣ ዘጠኝ ወር ሲጨመር ሰኔ 15፣ አሥር ቀን ሲጨመር ሰኔ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል።

ለ. ከኅዳር 21 እስከ ኅዳር 25 ባለው ጊዜ ከሆነ፦ መውለጃው በጳጉሜን ውስጥ ይውላል። ኅዳር 21 ጳጉሜን 1፣ ኅዳር 25 ጳጉሜን 5 ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን ኅዳር 26 ጳጉሜን 6 ላይ ይውላል።

ሐ. ከኅዳር 26 እስከ ነሐሴ 30 ባለው ጊዜ ከሆነ፦ 9 ወር ከ5 ቀን ይጨመራል፤ ጳጉሜን እንደ ወር አትቆጠርም።
ምሳሌ፦ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሆነ፣ ዘጠኝ ወር ሲጨመር ጥቅምት 12፣ አምስት ቀን ሲጨመር ጥቅምት 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል።

መ. የምታልፈው ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች፦ 9 ወር ከ4 ቀን ይጨመራል። የ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት።
ምሳሌ፦ የካቲት 8 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሆነ፣ መውለጃው ኅዳር 12 ቀን 2020 ዓ.ም. ይሆናል።

ሠ. የወር አበባው በጳጉሜን የጀመረ ከሆነ፦ በጳጉሜኑ ቁጥር ላይ 5 ተጨምሮ ሰኔ ይባላል። ጳጉሜን 3 ሰኔ 8 ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት የሚጨመረው 4 ነው።

የወራቱን መነሻና መድረሻ በቀላሉ ለማስታወስ፦ መስከረም ወደ ሰኔ፣ ጥቅምት ወደ ሐምሌ፣ ኅዳር ወደ ነሐሴ፣ ታኅሣሥ ወደ መስከረም፣ ጥር ወደ ጥቅምት፣ የካቲት ወደ ኅዳር፣ መጋቢት ወደ ታኅሣሥ፣ ሚያዝያ ወደ ጥር፣ ግንቦት ወደ የካቲት፣ ሰኔ ወደ መጋቢት፣ ሐምሌ ወደ ሚያዝያ፣ ነሐሴ ወደ ግንቦት ያደርሳል። የሚጨመሩት ቀናት ከወሩ መጨረሻ ካለፉ ወደ ቀጣዩ ወር ይሻገራሉ።

3. ቀኑን በትክክል ለማታስታውስ እናት

ብዙ እናቶች ቀኑን በቁጥር ባያስታውሱትም በበዓል፣ በገበያ ቀን ወይም በእርሻ ሥራ ያስታውሱታል። «ከጥምቀት ማግስት» ያለች እናት ጥር 12 ማለቷ ነው። «በማርያም ዕለት» ያለች እናት ቀኑ 21 እንደሆነ ታውቃለች፤ የትኛው ወር እንደሆነ ብቻ ይጣራል። በረመዳን፣ በአረፋ ወይም በመውሊድ የምታስታውስ እናት ግን በዓሉ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቼ እንደዋለ ማጣራት አለባት። የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር እነዚህ በዓላት በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል። በአካባቢው ሁለቱም እምነቶች ጎን ለጎን የሚኖሩ በመሆናቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጥያቄውን በሁለቱም መንገድ ማቅረባቸው ይጠቅማል።

በሚከተሉት ሁኔታዎች ስሌቱ ብቻውን አስተማማኝ አይሆንም፦

• የወር አበባዋ የሚዛባ ወይም ከ28 ቀን ዑደት በጣም የራቀ ከሆነ። ለምሳሌ ዑደቷ ዘወትር 35 ቀን የሆነች እናት በተገኘው ቀን ላይ 7 ቀን ትጨምራለች።
• የሦስት ወር መርፌ ወይም ሌላ የወሊድ መከላከያ በቅርቡ አቋርጣ የወር አበባዋ ሳይስተካከል ካረገዘች።
• ጡት እያጠባች፣ የወር አበባ ሳታይ ካረገዘች።
• ከእርግዝናው በኋላ የታየ ጥቂት ደም የወር አበባ መስሏት ከሆነ።

እንዲህ ያለች እናት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባታል። አልትራሳውንድ የእርግዝናን ዕድሜ በተሻለ ትክክለኛነት የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚነሣው ምስል ከአንድ ሳምንት በማይበልጥ ልዩነት ሲገምት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የሚነሣው ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንዲደረግ የሚመክረውም በዚህ ምክንያት ነው። በዘጠነኛው ወር የተነሣ አልትራሳውንድ ቀድሞ የተረጋገጠን ቀን ለመለወጥ አያገለግልም።

አዋላጆች የማሕፀንን ከፍታም ይለካሉ። ማሕፀን በ12ኛው ሳምንት ከብልት አጥንት በላይ መዳሰስ ይጀምራል፤ በ20ኛው ሳምንት እምብርት ላይ ይደርሳል፤ በ36ኛው ሳምንት የደረት አጥንት ጫፍ ሥር ይጠጋል። እናት የልጇን እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰማው በመጀመሪያ እርግዝና ከ18 እስከ 20 ሳምንት፣ በቀጣዮቹ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

4. የተገመተው ቀን ምን ማለት ነው?

የተገመተው ቀን ቀጠሮ አይደለም። በዚያው ዕለት የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከ37ኛው ሳምንት እስከ 42ኛው ሳምንት መግቢያ ባለው ጊዜ የሚሆን ወሊድ በጊዜው እንደሆነ ይቆጠራል። ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚወለድ ሕፃን ያለጊዜው እንደተወለደ ስለሚቆጠር ልዩ እንክብካቤ ያስፈልገዋል። 42ኛው ሳምንት ከሞላ በኋላ መቆየት ደግሞ ለሕፃኑ አደጋ አለው። ስለሆነም የተገመተው ቀን አልፎ አንድ ሳምንት የቆየች እናት ምጥ እስኪመጣ በቤት መጠበቅ አይገባትም፤ ለምርመራ መሄድ አለባት።

ከላይ በምሳሌነት የቀረበችው፣ መውለጃዋ ጥቅምት 17 ቀን 2019 ዓ.ም. የሆነ እናት 37ኛ ሳምንቷን የምትሞላው መስከረም 26፣ 41ኛውን ጥቅምት 24፣ 42ኛውን ኅዳር 1 ቀን ነው። የቤተሰቡ ዝግጅት ከመስከረም 26 በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።

5. የክትትል ቀናት

የእርግዝና ክትትል ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንዲሆን ይመከራል፦ እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ20ኛው፣ በ26ኛው፣ በ30ኛው፣ በ34ኛው፣ በ36ኛው፣ በ38ኛውና በ40ኛው ሳምንት። የመጨረሻ የወር አበባዋ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ለሆነ እናት ቀናቱ እንደሚከተለው ይሆናሉ፦

• 12ኛ ሳምንት፦ ሚያዝያ 6
• 20ኛ ሳምንት፦ ሰኔ 2
• 26ኛ ሳምንት፦ ሐምሌ 14
• 30ኛ ሳምንት፦ ነሐሴ 12
• 34ኛ ሳምንት፦ መስከረም 5
• 36ኛ ሳምንት፦ መስከረም 19
• 38ኛ ሳምንት፦ ጥቅምት 3
• 40ኛ ሳምንት፦ ጥቅምት 17

በክትትሉ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ የሽንት፣ የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ ይደረጋል፤ የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል እንዲሁም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል። ወባ በሚገኝባቸው ቆላማ ቀበሌዎች የምትኖር ነፍሰ ጡር በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ትኩሳት ሲሰማትም በዚያው ዕለት መመርመር አለባት። ወባ በእርግዝና ወቅት ለእናትም ለጽንስም የከፋ ነው።

የክትትል ካርዱን እናቲቱ ራሷ በጥንቃቄ መያዝ አለባት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ወሎ በነበረው ጦርነት የጤና ተቋማት ጉዳት ደርሶባቸዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እናቲቱ እጅ ላይ ያለው ካርድ የመውለጃ ቀኗና የምርመራ ውጤቷ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ የወር አበባዋንና የተገመተውን ቀን ለባለቤቷ ወይም ለቅርብ ቤተሰብ መንገሯ ወይም በስልክ መመዝገቧም ይጠቅማል።

6. ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች

ብዙ ቤተሰቦች የጤና መድን አባል ያልሆነች እናት ለመውለድ መክፈል ያለባት ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። የእርግዝና ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ከክፍያ ነጻ ከሆኑ አገልግሎቶች መካከል ናቸው። እናቲቱ የመድን አባል መሆን አለመሆኗ በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። የመድን ካርድ አልያዝሽም ተብላ ከወሊድ አገልግሎት ልትመለስ አይገባም።

ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነ ችግር ሲያጋጥም እናቲቱ በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ከመርሳ በስተሰሜን ወልድያ፣ በስተደቡብ ደሴ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። የሪፈራል ወረቀቱንና የክትትል ካርዱን ይዞ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል፤ የክፍያ ጥያቄ ከተነሣም ለማስረዳት ያግዛል።

7. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምን ይጨምራል?

ማአጤመ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ወረዳዎች ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ተሁለደሬ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ወረዳ ነው። መድኑ በዋነኛነት ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው የኅብረተሰብ ክፍል የተቋቋመ ነው።

ወሊድ ነጻ ከሆነ መድኑ ለነፍሰ ጡር ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ እርግዝና ሌሎች ሕመሞችን አያስቀርም የሚል ነው። በእርግዝና ወቅት የሚመጣ የሳንባ ምች፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ የጨጓራ ሕመም፣ የስኳር ሕመም ወይም አደጋ ምርመራ፣ መድኃኒትና አንዳንድ ጊዜም ተኝቶ መታከምን ይጠይቃል። እነዚህ ከክፍያ ነጻ ከሆነው የወሊድ አገልግሎት ውጭ ሲሆኑ ወጪያቸውን የሚሸፍነው መድኑ ነው። ሽፋኑ ውል በተገባላቸው ተቋማት የሚሰጥ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን፣ የላቦራቶሪና የምስል ምርመራን፣ ቀዶ ሕክምናንና የታዘዙ መድኃኒቶችን ይጨምራል። ለውበት ሲባል የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የዐይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

አባላት የሚከተሉትን ማወቅ አለባቸው፦

• አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ነፍሰ ጡሯን ብቻ ነጥሎ ማስመዝገብ አይቻልም።
• አባልነቱ በየዓመቱ ይታደሳል። የምዝገባና የእድሳት ጊዜውን፣ የመዋጮውን መጠንና አገልግሎቱ የሚጀምርበትን ቀን የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወይም የወረዳው የጤና መድን ክፍል ያሳውቃል።
• መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌው ማኅበረሰብ ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈናል።
• ሕክምናው የሚጀመረው በአቅራቢያ ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። ያለ ሪፈራል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ሙሉ ሽፋን ላያገኝ ይችላል። ድንገተኛና ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ሕይወትን ለማዳን ነው።
• የታዘዘ መድኃኒት በተቋሙ ከሌለ ከውጭ ከመግዛት በፊት የተቋሙን የጤና መድን ክፍል መጠየቅ፣ ማዘዣውንና ሕጋዊ ደረሰኙን መያዝ ያስፈልጋል።

8. የመውለጃ ቀንንና የመድን እድሳትን ማገናኘት

የመውለጃ ቀን እንደታወቀ ቤተሰቡ የመድን ካርዱ የሚያበቃበትን ቀን ማየት አለበት። ካርዱ ከመውለጃው በፊት ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚያበቃ ከሆነ እድሳቱን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ እናቲቱም ሕፃኑም ለሕመም የሚጋለጡበት ሲሆን፣ አባወራው ለእድሳት የሚሮጥበት ፋታ የማያገኝበት ጊዜም ነው። ለምሳሌ የመውለጃ ቀኗ ጥቅምት 17 የሆነ እናት ቤተሰብ ካርድ ታኅሣሥ ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ አራሷ ገና ሦስት ወር ሳይሞላት ቤተሰቡ ያለ ሽፋን ይቀራል። ሕፃኑ እንደተወለደም የልደት ምዝገባ ማከናወንና በቤተሰቡ የመድን መዝገብ ላይ እንዲጨመር መጠየቅ ያስፈልጋል።

9. ወቅትና መንገድ

የመጨረሻ የወር አበባዋ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 20 ባለው ጊዜ የጀመረ እናት መውለጃዋ በሐምሌና በነሐሴ፣ በክረምቱ ኃይል ላይ ይውላል። በዚያ ወቅት ከዋናው አስፋልት የራቁ ቀበሌዎች መንገዳቸው በጭቃና በወንዝ ሙላት ሊቆረጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ የምትወልድ እናት ከተገመተው ቀን ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብላ በጤና ጣቢያው ግቢ በሚገኘው የእናቶች ማቆያ እንድታርፍ ይመከራል። ማቆያ በሌለበት በከተማ ከሚገኝ ዘመድ ቤት መቆየት አማራጭ ነው። የአምቡላንስ ስልክ ቁጥርን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አስቀድሞ መቀበል፣ አምቡላንስ የማይገባበት ቦታ ከሆነም በቃሬዛ የሚያወጡ ጎረቤቶችን መመደብ ከወዲሁ የሚሠራ ሥራ ነው።

10. የወሊድ ፈቃድ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ እወልዳለሁ ብላ ከምትገምትበት ቀን በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። 30ው ቀን አልቆ ካልወለደች እስክትወልድ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣታል። 30ው ቀን ሳያልቅ ከወለደች የድኅረ ወሊድ ፈቃዷ ወዲያውኑ ይጀምራል። የመውለጃ ቀኗ ጥቅምት 17 የሆነ ሠራተኛ የቅድመ ወሊድ ፈቃዷን ከመስከረም 17 ጀምሮ መጠየቅ ትችላለች። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድባቸው ሰዓታትም ከደመወዝ ጋር ይፈቀዳሉ። አባት ሦስት ተከታታይ ቀናት የአባትነት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛል።

11. ቀን የማይጠብቁ አደገኛ ምልክቶች

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ የተገመተው ቀን ቢርቅም፣ የመድን ካርድ ቢኖርም ባይኖርም ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ከማሕፀን ደም መፍሰስ
• ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት
• መንቀጥቀጥና ራስን መሳት
• ከፍተኛ ትኩሳት
• ከባድ የሆድ ሕመም
• ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውሃ መፍሰስ
• የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም
• ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ምጥ

12. ከቤት ከመውጣት በፊት የሚያዙ ነገሮች

የክትትል ካርድ፣ የታደሰ የጤና መድን ካርድ፣ የቀበሌ ወይም ሌላ መታወቂያ፣ ሪፈራል ካለ የሪፈራል ወረቀት፣ ለእናቲቱና ለሕፃኑ ንጹሕ ልብስ፣ ለመጓጓዣና ላልታሰበ ወጪ የተቀመጠ ገንዘብ፣ እንዲሁም ደም ቢያስፈልግ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ሰው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ነዋሪዎች የእርግዝና ክትትልን በተመለከተ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ፣ አባልነትንና እድሳትን በተመለከተ ወደ ቀበሌያቸው ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ወረዳው የጤና መድን ክፍል መቅረብ ይችላሉ።